ጽናት ሲባል ምን ማለት ነው?

ጽናት የሚለውን ቃል ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ጧት ሰልፍ ላይ ርእሰ መምህሩ ሲናገሩ፣ በወላጆች ቀን፣ በምረቃ ላይ፣ ይህ ቃል ቀርቶ አያውቅም። ከመደጋገሙ የተነሣ ግን እንደ ባዶ ጣሳ ሆኖብናል፤ ይጮኻል እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። «በርቱ፣ ጽኑ፣ ተስፋ አትቁረጡ» ይባላል። እሺ፤ ግን እንዴት አድርጎ? ጧት ከእንቅልፍ ተነሥቶ ምን ሲሠሩ ነው መጽናት የሚባለው? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በተቻለ መጠን ፈታ አድርጎ ለማየት የተዘጋጀ ነው።

ነገሩ ለኛ የወሬ ማሟሻ አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከመካከላችን ብዙዎቹ ወደዚህ ተቋም የመጡት መምህርነት አንደኛ ምርጫቸው ሆኖ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። በተከታዩም ዓመት ውጤቱ ከዚያ አልተሻለም። ሐኪም እሆናለሁ፣ መሐንዲስ እሆናለሁ ሲል የኖረ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሐሳቡን ለመቀየር ተገደደ ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ «የት ደረሰህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «መምህራን ማሠልጠኛ» ብሎ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ስንት አለ! ባለፈው መንፈቅ ዓመት ከኛ መኝታ ቤት ብቻ ሁለት ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ሄደዋል። አንዱ ቤተሰቡ ችግር ላይ ወድቆበት ነው፤ ይህን ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ሁለተኛው ግን «ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ነው የሄደው። እንግዲህ «ምን ዋጋ አለው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ምን ይመለሳል?

ለዚህ አንድ የታወቀ ሰው ታሪክ ምሳሌ አድርጌ ላቅርብ። ስለ ጽናት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው አበበ ቢቂላን ነው። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለምና። አበበ ታላቅ ነው፤ አንከራከርም። ለተነሣንበት ጉዳይ የሚስማማኝ ግን ሌላ ሰው ነው። አበበ በመጀመሪያው ኦሊምፒኩ ወርቁን አጠለቀ። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ግን ከመጀመሪያው ኦሊምፒክ እስከ ወርቁ ድረስ ስምንት ዓመት ጠብቋል። የኛም ነገር ከመጠበቅ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከአበበ ይልቅ ወደ ምሩጽ ይቀርባል።

ምሩጽ ይፍጠር የተወለደው በአብዛኛው እንደሚጻፈው በ1936 ዓ.ም. አዲግራት ነው። በወጣትነቱ በፋብሪካ ሠርቷል፤ ጋሪም ነድቷል። የሩጫ ችሎታው ጎልቶ የታየው አየር ኃይል ከገባ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጋሪ ነጂ ሆኖ ሳለ ወደፊት የዓለም አሸናፊ እሆናለሁ ብሎ ዕቅድ አውጥቶ አልተነሣም። ዓላማ ሁልጊዜ ከልጅነት ጀምሮ በልብ ውስጥ ተቀርጾ የሚገኝ ነገር አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሰው ለእንጀራ ብሎ ከገባበት ቦታ ይገኛል። መምህርነትን ሳንመርጠው ገባንበት የምንል ሰዎች ይቺን ነጥብ ባንረሳት ጥሩ ነው።

በ1963 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ አገር ደርሃም በምትባል ከተማ አፍሪካና አሜሪካ ውድድር ገጠሙ። ምሩጽ በ5,000 ሜትር እስቲቭ ፕሪፎንቴይን ከሚባለው የአሜሪካ ዝነኛ ሯጭ ጋር ነበር። ምሩጽ በኃይል ተፈትልኮ ወጣና ጥሎት ሄደ፤ ከዚያም ያለቀ መስሎት ቆመ። ገና አንድ ዙር ቀርቶ ነበር! ፕሪፎንቴይን አለፈውና አሸነፈ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት፣ ያውም በባዕድ አገር ሲደርስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር መገመት አያዳግትም። የማስተማር ልምምድ ላይ ሰሌዳው ላይ የጻፍነውን ስሕተት አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ ሲያርመን እንኳ መሬት ብትውጠን እንወዳለን። ምሩጽ ግን በማግስቱ 10,000 ሜትር ነበረበትና ተሰለፈ። ፍራንክ ሾርተርን ቀድሞ አሸነፈ። (ይህ ሾርተር በዓመቱ ሙኒክ ላይ የማራቶን ወርቅ ያገኘው ነው፤ ተራ ሰው አይደለም።) እንግዲህ «በማግስቱ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የጽናት ግማሹ እሷ ትመስለኛለች። ሐዘኑን በሳምንትና በወር አላራዘመውም፤ ቀጣዩ ሩጫ ነገ ስለሆነ ነገ ሮጠ።

ቀጥሎ ሙኒክ መጣ። ነሐሴ 28 ቀን 1964 ዓ.ም. የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ። የፊንላንዱ ላሴ ቪረን አጋማሹ ሊደርስ ሲል ወደቀ፤ ተነሥቶ ሮጦ በ27 ደቂቃ ከ38.4 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። የቤልጅጉ ፑተማንስ ሁለተኛ፣ ምሩጽ በ27 ደቂቃ ከ41.0 ሰከንድ ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ። ነሐስ ነው፤ ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን የ5,000 ሜትር ማጣሪያው ቀን ምሩጽ መነሻው መስመር ላይ ሳይገኝ ቀረ፤ ጥሪው አልፎት ሩጫው ያለሱ ተጀመረ። ለምን እንደዘገየ ልዩ ልዩ ነገር ሲወራና ሲጻፍ ኖሯል፤ ያን ማብጠርጠር የኛ ሥራ አይደለም። ለኛ የሚጠቅመን ውጤቱ ነው፤ አራት ዓመት የተዘጋጁበት ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ሄደ።

ደግሞ አራት ዓመት ተጠበቀ። ሐምሌ 1968 ዓ.ም. ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ ኦሊምፒክ ሊጀመር ሲል የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ወጡ። ምክንያቱም የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ሥርዓት ወደ ነበረባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሲጫወት ኒው ዚላንድ ከኦሊምፒክ ባለመታገዷ ነው። ኢትዮጵያም ከወጡት አገሮች አንዷ ነበረች። እርምጃው ለጥቁር ሕዝብ ክብር የተወሰደ በመሆኑ ዛሬም የሚነቅፈው ጥቂት ነው። ለሯጩ ግን ሌላ ፊት አለው። ቪረን በዚያ ኦሊምፒክ 5,000ውንም 10,000ውንም ደግሞ ወሰደ። ምሩጽ የዚያን ጊዜ በተጻፈው ዕድሜው 32 ዓመቱ ነው። በሩጫ ዓለም በዚህ ዕድሜ «አበቃለት» ይባላል እንጂ «ገና ነው» አይባልም።

እዚህ ላይ አንድ የማይቀር ጥያቄ ይነሣል። በነዚያ ዓመታት ምን ሲሠራ ነበር? ቁጭ ብሎ ሞስኮን አልጠበቀም። በ1969 ዓ.ም. ጀርመን፣ ዱስልዶርፍ ላይ በተደረገው የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ አፍሪካን ወክሎ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ። በ1971 ዓ.ም. እንደገና የዓለም ዋንጫ ተደረገ፤ የተደረገው ደግሞ ሞንትሪያል፣ በ1968 ሳይሮጥበት በቀረው በዚያው የኦሊምፒክ ስታዲየም ነው። ምሩጽ እዚያም ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። እንደኔ አስተያየት የታሪኩ ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ ሰው ግን አያነሣውም። ሁሉ የሚያወራው ስለ ሞስኮ ነው።

ሞስኮ ሐምሌ 1972 ዓ.ም. ነው። (አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ከሙኒክ ጋር ሲያምታቱት ሰምቻለሁ፤ ሙኒክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1972 በመሆኑ ነው። በኛ አቆጣጠር 1972 ሞስኮ፣ በነሱ 1972 ሙኒክ፤ የስምንት ዓመት ልዩነት ማለት በአጋጣሚ ልክ ምሩጽ የጠበቀው ዘመን መሆኑ ይገርማል።) ሐምሌ 20 ቀን በ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሦስት ኢትዮጵያውያን ተሰለፉ። እነሱም ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ናቸው። ከፊንላንድ ቪረንና ማኒንካ ነበሩ። ሦስቱ እየተፈራረቁ ፊት እየወጡ ፍጥነቱን አንዴ ጨመር፣ አንዴ ቀነስ እያደረጉ ሌሎቹን አደከሙ። ሊያልቅ 300 ሜትር ገደማ ሲቀረው ምሩጽ ተስፈነጠረ። በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ማኒንካ ሁለተኛ፣ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ ሆኑ። ሐምሌ 25 ቀን ደግሞ 5,000ውን በ13 ደቂቃ ከ21.0 ሰከንድ ደገመው።

አሁን ቁጥሮቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሙኒክ ላይ ሦስተኛ የወጣበት ሰዓት 27 ደቂቃ ከ41.0 ነው። ሞስኮ ላይ አንደኛ የወጣበት 27 ደቂቃ ከ42.7 ነው። ነሐሱ ከወርቁ በ1.7 ሰከንድ ይፈጥናል! ይኼን ሳገኝ በእርሳስ ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ተለማምዶ ያገኘው ነገር ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ ማነስ ነበረበት። አላነሰም። ታዲያ ወርቁን ያመጣው ምንድነው? አንደኛ፣ ቀኑ ሲመጣ እዚያ ተገኘ፤ ጤናው ተጠብቆ፣ ልምምዱን ሳያቋርጥ፣ ተዘጋጅቶ ቆየ። ሁለተኛ፣ መቼ መፍጠን እንዳለበት ዐወቀ።

«ማርሽ ቀያሪው» የሚለው ቅጽሉ የመጣው ከዚሁ ነው። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው በተመጣጠነ ፍጥነት ሲሄድ ጡንቻው የሚፈልገውን ኦክሲጅን ትንፋሹ ያደርስለታል። ድንገት ሲፈጥን ግን ጡንቻው ከሚደርሰው በላይ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደክማል። ተወዳዳሪ ሁሉ በመጨረሻው ዙር መፍጠን ይፈልጋል፤ የሚችለው ግን ደክሞት ሳለ መፍጠንን የተለማመደ ነው። ልምምዱም ፈጥኖ መሮጥ፣ ሙሉ በሙሉ ሳያርፉ ዝግ ማለት፣ እንደገና መፍጠን፣ ይህንኑ መመላለስ ነው። ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀይር ሾፌር አስቡ፤ ሞተሩ ያው ነው፣ የተለየው አነዳዱ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ራሳችን ኑሮ እንምጣ።

በመጀመሪያ ምኞትንና ዓላማን መለየት ያስፈልጋል። «ጥሩ መምህር መሆን እፈልጋለሁ» ምኞት ነው። ምኞት አይከፋም፤ ግን ነገ ጧት ምን አድርግ እንደሚል አያውቅም። የ10,000 ሜትር ሩጫ 25 ዙር ነው። የሞስኮው ሰዓት ለ25 ሲካፈል አንዱ ዙር በአማካይ 66.5 ሰከንድ ይሆናል። ሯጩ 27 ደቂቃን ሳይሆን ይችን 66.5 ሰከንድ ነው የሚያስባት፤ ካለቀች ሌላዋን። የኛም ነገር ወደ ዙር መቆረጥ አለበት። ጥሩ መምህር ለመሆን ምን ምን ያስፈልጋል? የሰሌዳ ጽሕፈት፣ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ፣ የድምፅ አጠቃቀም፣ የሚያስተምሩትን ርእስ ጠንቅቆ ማወቅ። ከነዚህ አንዱን መርጦ በዚህ ሳምንት የሚሠራውን መወሰን ነው።

አንድ የታየ ምሳሌ ልስጥ። የመኝታ ቤት ጓደኛዬ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ መስመሩ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ግራ ጥግ ላይ ከላይ ይጀምራል፣ ቀኝ ጥግ ሲደርስ ከወገቡ በታች! ልምምድ ላይ ልጆቹ አንገታቸውን አዘንብለው እያነበቡ ሳቁበት። «ጽሕፈት ተፈጥሮ ነው፣ እኔ አልተሰጠኝም» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ነበር። በኋላ አንድ መምህራችን አይተው እግሩን ተመልከት አሉት። አንድ ቦታ ቆሞ ክንዱን ብቻ እየዘረጋ ነበርና የሚጽፈው፣ ክንድ ደግሞ ከትከሻ ላይ ስለሚዞር እየራቀ ሲሄድ ወደ ታች ይወርዳል። መፍትሔው ሁለት ቃል በጻፉ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ መራመድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ባዶ ክፍል ገብቶ ዐሥር መስመር ይጽፋል፤ ወደ ኋላ ሄዶ መጨረሻ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ በዳስተር አጥፍቶ ይተኛል። በአምስተኛው ሳምንት መስመሩ ቀጥ አለ። ተሰጥኦ የተባለው ነገር የእግር አቋቋም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ብዙ «አልችልም» የምንላቸው ነገሮች እንዲህ ዓይነት ትንሽ ምክንያት አላቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሁሉም ናቸው ግን አልልም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ይህ ተረት አንድ ነገር የደበቀ ይመስለኛል። ስለ እንቁላሉ ይናገራል፤ ስለ ዶሮዋ አይናገርም። እንቁላል ዝም ብሎ ቢቀመጥ ቀስ በቀስ የሚሆነው መበላሸት ነው። በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋው፣ እያገላበጠች፣ ለጥሬ እንኳ የምትነሣው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሆኖ ነው። ጊዜ በራሱ ሠርቶ አያውቅም። «ሲቆይ ይስተካከላል» እያልን ሁለት መንፈቅ ያሳለፍን ሰዎች አለን፤ ምንም አልተስተካከለም።

ቀጥሎ የመነሣሣት ነገር አለ። አንዳንዱ «ዛሬ ሙዱ የለኝም» ይላል። ሙድ ማለት እንደ መብራት ነው፤ ይመጣል፣ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ሻማ የሌለው ሰው ብቻ ነው ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው። የሻማው ሥራ የሚሠራው ልማድ ነው፤ የታወቀ ሰዓት፣ የታወቀ ቦታ፣ የታወቀ ትንሽ ሥራ። ጓደኛዬ ማታ ማታ ዐሥር መስመር የሚጽፈው ስሜቱ ተነሥቶ አይደለም፤ ከእራት በኋላ ያ ሰዓት የዐሥር መስመር ሰዓት ስለሆነ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው ፍላጎቱ የሚመጣው። መነሣሣትን ጠብቆ መጀመር የሚሞክር ሰው አውቶቡስ በማይቆምበት ቦታ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ሥራውም ትንሽ ቢሆን ይሻላል። «በቀን አምስት ሰዓት አጠናለሁ» ብሎ ሦስት ቀን ከመፎከር፣ በቀን 40 ደቂቃ ሆኖ ወሩን ሙሉ መዝለቅ ይበልጣል።

ከሁሉ ይልቅ ላሰፋው የምፈልገው ግን በእጃችን ያለውንና በእጃችን የሌለውን መለየት ነው። ምሩጽ በ1968 ሞንትሪያል ላይ መሮጥ አለመሮጡ በእጁ አልነበረም። ውሳኔው የመንግሥታት ነው። በእጁ የነበረው የነገው ልምምድ ብቻ ነው። እኛም አንድ ወረቀት ወስደን መሐል ለመሐል በማስመሪያ ብናሰምር፤ በግራ የማንቆጣጠረውን እንጻፍ። የፈተና ውጤታችን፣ የምንመደብበት ወረዳ፣ የደመወዝ መጠን፣ የኑሮ ውድነት፣ ከቤት የሚመጣ ክፉ ወሬ። በቀኝ የምንቆጣጠረውን። የነገው የትምህርት ዕቅድ፣ የዛሬ ማታ 40 ደቂቃ፣ ለምናስተምራቸው ልጆች ስማቸውን ማወቅ። ይህን ያደረገ ሰው ሁለት ነገር ያያል። የግራው ዝርዝር ይረዝማል፤ የምንነጋገረውም ቀኑን ሙሉ ስለሱ ነው። የቀኙ ያጥራል፤ ግን እያንዳንዱ ነገ ሊሠራ የሚችል ነው። በግራ ያለው ውሸት ነው ወይም ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ሻይ በዳቦ ለምሳ የሚበላ ልጅ «ተስፋ አትቁረጥ» ቢባል ሆዱ አይሞላም። በግራ ያለውን በጋራ መናገር፣ ለሚመለከተው ማመልከት ተገቢ ነው። ነገር ግን ማመልከቻው መልስ እስኪያገኝ ድረስ በቀኝ ያለው ሥራ አይቁም ነው የምለው።

እዚህ ላይ ሐቁን ሳልሸፍን መናገር አለብኝ። ጽናት ያለው ሁሉ ወርቅ ያገኛል ማለት ውሸት ነው። ሄንሪ ሮኖ የሚባል የኬንያ ሯጭ ነበረ። በፈረንጆቹ 1978 ዓ.ም. በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ፤ በ3,000 ሜትር፣ በ3,000 ሜትር መሰናክል፣ በ5,000ና በ10,000። በዚያ ዘመን እንደሱ ያለ አልነበረም። ኬንያ ግን በ1968 ዓ.ም. ከሞንትሪያል ቀረች፤ በ1972ም፣ ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታን ስለገባች አሜሪካ በጠራችው አድማ ምክንያት ከሞስኮ ቀረች። ሮኖ በኦሊምፒክ አንድም ጊዜ ሳይሮጥ ዘመኑ አለፈ። ምሩጽ ሞስኮ ላይ ሲያሸንፍ ሮኖ በዚያ አልነበረም፤ ኢትዮጵያ ሄደች፣ ኬንያ ቀረች፣ ነገሩ ይኸው ነው። ታዲያ ሮኖ ጽናት አንሶት ነው? አይደለም። የሰበራቸው ክብረ ወሰኖች ግን ሊወሰዱበት አልቻሉም። ለዚህ ነው ዓላማችንን ስናወጣ ሌላ ሰው ሊሰጠን ወይም ሊከለክለን በሚችለው ሽልማት ላይ ብቻ ማንጠልጠል የለብንም የምለው። «ዲግሪ እይዛለሁ» ጥሩ ነው፤ በክረምት እየተማሩ፣ በበጋ እያስተማሩ የያዙ መምህራን ሞልተዋል። ግን ከጎኑ «ክፍልፋይን ለአራተኛ ክፍል ልጅ ሳላደናግር ማስረዳት እችላለሁ» የሚል ይኑር። ይህን ማንም አያግደንም።

ሌላው የጓደኛ ነገር ነው። ከላይ እንዳልኩት ሞስኮ ላይ ሦስቱ እየተፈራረቁ ነው የሮጡት። ፊት የሚሮጥ ሰው ነፋሱን ይቀበላል፤ ፍጥነቱንም የሚወስነው እሱ ስለሆነ ሐሳቡ ይደክማል። ከኋላ ያለው ትንሽ ያርፋል። ሲፈራረቁ ድካሙ ይከፋፈላል። ቶሎሳ አራተኛ ነው የወጣው፤ ሜዳልያ የለውም። ግን የሱ ሥራ በዚያ ወርቅ ውስጥ አለ። እኛ ዘንድ ግን ጥሩ ማስታወሻ የያዘ ልጅ ደብተሩን ትራስ ሥር ይደብቃል! ደብተር በመደበቅ ማን አንደኛ ወጣ? አንድ ክፍል ለብቻ ይዘን በማናስተምርበት ሙያ፣ ልጆችን በጋራ በምናሳድግበት ሥራ፣ ይህ ጠባይ ገና ከአሁኑ ቢቀር ይሻላል።

ዕረፍትም የልምምድ ክፍል ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው በሚሮጥበት ሰዓት ሳይሆን ከሩጫው በኋላ በሚያርፍበት ጊዜ ነው። ለፈተና ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ዐይንን በውሃ እያጠቡ ማደር ጀግንነት ይመስላል፤ በማግስቱ ግን የተጠናው ሁሉ ይቀላቀላል።

መንገድን መቀየርና ተስፋ መቁረጥም አንድ አይደሉም። ጋሪ መንዳት ትቶ ወታደር ቤት የገባን ሰው ጋሪውን ስለተወ ደካማ አንለውም። ከመካከላችን አንድ ሰው በረጋ መንፈስ አስቦ፣ አማክሮ፣ መምህርነት የኔ አይደለም ብሎ ሌላ ሙያ ቢይዝ አይወቀስም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ በአንድ መጥፎ ሳምንት ማግስት፣ ሌሊት፣ በንዴት የሚታሰር ሻንጣ። ሻንጣ የሚታሰረው ደህና በተኙበት ሌሊት ማግስት፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ ቢሆን ምናለ?

ስለ ውጤት ካነሣን ደግሞ ይኼንም መጨመር ይገባል። ምሩጽ ሞስኮ ላይ ሲያሸንፍ አሰላ አጠገብ አንድ የሰባት ዓመት የገበሬ ልጅ በሬድዮ ይሰማ ነበር። ልጁ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ፣ ከዚያም በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲድኒ ላይ በዚያው በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ፤ ሩጫ እንዲጀምር ያነሣሣው ምሩጽ መሆኑንም ደጋግሞ ተናግሯል። ምሩጽ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ዐረፈ። ሞስኮ ላይ ያን 300 ሜትር ሲሮጥ አሰላ ውስጥ ማን እየሰማው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እኛም ከመጨረሻው ወንበር ማን እየሰማን እንደሆነ አናውቅም። የማስተማር ልምምዳችን ሰኞ ይጀመራል፤ አንድ ክፍል 60ና 70 ልጅ ይኖረዋል።

በነገራችን ላይ፣ ጓደኛዬ ሰሌዳ የሚለማመድበት ክፍል አሁን ሰባት ሰው ሆኗል። ማክሰኞና ሐሙስ ከእራት በኋላ እየተገናኘን አንዱ ሲያስተምር ሌላው ተማሪ ሆኖ ይቀመጣል፤ ያስቸገረ ጥያቄም ይጠይቃል። ሰሌዳው ሰፊ ስለሆነ ለሦስት ሰው ቦታ አለ። ለመምጣት የምታስቡ ግን ጠመኔ ይዛችሁ ኑ፤ የኛ ካለቀ ሳምንት አልፎታል።